በእረፍት ሰዓት የሕፃናት ጆሮ አያርፍም

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ አንዲት ወጣት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ከድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጣ ነበር። የተመልካቹ ጩኸት ልጁን አላስከፋውም። ዳኛው የእረፍት ፊሽካ ሲነፉ ግን ሙዚቃው ተለቀቀ፤ ልጁም ጆሮዎቹን በእጆቹ ደፍኖ ያለቅስ ጀመር። እናትየዋ ርቦት መስሏት ዳቦ አወጣች። ከጎኗ የነበርን ሴቶች ልንነግራት ብንሞክር ድምፃችን አልደረሳትም።

ይህን የምትጽፈው ሙዚቃ የማትወድ ናት እንዳይባል! ከታወቁት አራት ቅኝቶች አንዱ አምባሰል በሚባልበት አገር ዘፈን አይጠላም። ይሁን እንጂ መሲንቆና የድምፅ ማጉያ ለየቅል ናቸው።

ብዙ የጤና ባለሙያዎች በሚቀበሉት የሥራ ቦታ መለኪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የኳስ ጨዋታ እረፍትም 15 ደቂቃ ነው! ከማጉያው ሥር የተቀመጠ ሰው የቀን ድርሻውን በእረፍቱ ብቻ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ቩቩዜላ የተባለው ጡሩምባ ዓለምን ማነጋገሩ ይታወሳል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በዚያው ዓመት ከውድድሮቹ አግዶታል።

ለእናቶች የሚሆን ቀላል መለኪያ አለ። በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ቦታው ለሕፃን አይሆንም። ጆሮ ውስጥ ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይረዳም፤ ለሕፃናት የተሠራ የጆሮ መሸፈኛ ይረዳል፤ እሱ ከሌለ መራቅ ነው። በገላጣ ሜዳ ከማጉያው 5 ሜትር ላይ የነበረ ሰው ወደ 10 ሜትር ቢርቅ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል፤ 15 ደቂቃ የነበረውም 1 ሰዓት ይሆናል። ሙዚቃውን የሚያጫውተውን ልጅ «እባክህ ቀንስልን» ማለትም ነውር የለበትም።

የዚያን ዕለት አንዲት አሮጊት ተነሥተው የእናትየዋን ነጠላ ጎተት አደረጉና በእጃቸው የሜዳውን ማዶ አሳዩዋት። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ልጁ እዚያ ማዶ በእናቱ ጭን ላይ ዳቦውን ይገምጥ ነበር።