የጃን ሜዳ መሬት ባለቤትነትና ዋጋ

ከስድስት ኪሎ ግቢያችን አጠገብ የሚገኘው ጃን ሜዳ ስሙን ያገኘው ከጃንሆይ ነው፤ የንጉሥ ሜዳ ማለት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጦር ሠራዊት ሰልፍና የፈረስ እሽቅድምድም ይደረግበት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ፈረሱ ሳይሆን መሬቱ ነው፤ ይኸውም የማን ነው? ዋጋውስ በምን ይለካል?

የእሽቅድምድም ሜዳ ከሌላው ቦታ የሚለይበት ጠባይ አለው። ፈረሶቹ የሚሮጡት ዳር ዳሩን ሲሆን መካከሉ አብዛኛውን ቀን ባዶውን ይውላል። ሜዳው ከከተማ ዳር ሳለ ይህ አያስቆጭም፤ ከተማው አድጎ ሲከበው ግን ከሩጫው ገቢ ይልቅ መሬቱ ይወደዳል። ባለቤቱ ኩባንያ በሆነበት አገር የነገሩ መጨረሻ ሽያጭ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ አቅራቢያ የነበረው የአርሊንግተን ሜዳ የመጨረሻ ውድድሩን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ባለቤቱ ቸርችል ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ2023 ቦታውን፣ 326 ኤከር የሚሆነውን፣ ለቺካጎ ቤርስ የአሜሪካን ፉትቦል ክለብ በ197.2 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ይህም ለአንድ ኤከር 605 ሺህ ዶላር ያህል ነው። ገዢው የፈለገው ስታዲየም የሚሠራበትን ቦታ እንጂ ፈረስ አልነበረም።

ወደ ጃን ሜዳ ስንመለስ እንዲህ ያለው ስሌት አይሠራም። ቀድሞ የዘውዱንና የመንግሥቱን ይዞታ ለይቶ ማወቅ ቀላል አልነበረም፤ ጎረቤቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተላለፈው በንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለመሬቱም ካሣ አልተከፈለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ ደነገገ። በሊዝ የሚተላለፈው የተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ብቻ ነው፤ ዋጋውም በጨረታ ይታወቃል። ጨረታ ላልወጣበት ቦታ የገበያ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የባለቤትነቱ ጥያቄ ሲፈታ የዋጋው ጥያቄ ተድበሰበሰ። በእኔ አስተያየት ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋ ያልተጻፈለት ሜዳ ቸኩሎ ለሚያየው ባዶ መሬት ይመስለዋልና። ጃን ሜዳ በየዓመቱ የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ነው፤ በዓሉም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት፣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚሁ ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ሰው ተራርቆ የሚገበያይበት ሰፊ ቦታ በመሐል ከተማ ብዙ አይገኝም። ሆኖም ሜዳውን መጠቀም የሚያስከፍለው ኪሣራ አስቀድሞ አልታየም፤ የታየው በኋላ፣ ጭቃውና ቆሻሻው ሲከማች ነው። ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተነሥቶ፣ ለጥር 2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው እንዲደርስ የጽዳት ዘመቻ ማካሄድ ግድ ሆነ።