«መጋዘን»፣ «ግምጃ ቤት»፣ «ባሩድ ቤት»፦ ስለ ጦር ዕቃ ማከማቻ ሕንፃ ስያሜዎች

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶና በአዋሳኙ የሚገኙ ሁለት የቦታ ስሞች ለስያሜ ሥራችን ትምህርት ይሰጣሉ። «ንፋስ ስልክ» ሽቦ አልባው የራዲዮ ግንኙነት በአገር ቃል የተሰየመበት ነው፤ «ጎተራ»ም የገበሬው የእህል ማኖሪያ ስም ለዘመናዊው የእህል ማከማቻ ተሰጥቶ ለሰፈሩ የተረፈ ነው። ሁለቱም የነገሩን ሥራ ይናገራሉ። ስለ ጥንታዊ የጦር ዕቃ ማከማቻ ሕንፃዎች የሚተረጐሙ ጽሑፎች ግን ይህን ግልጽነት ሲያጡ እናያለን።

«መጋዘን» ማከማቸት ከሚል የዐረብኛ ሥር የመጣ ነው፤ «ካዝና»ም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ከዚሁ የወጣው የእንግሊዝኛው «ማጋዚን» ባሩድ ቤትን፣ የጠመንጃን የጥይት ካዝናና መጽሔትን ያመለክታል። ተርጓሚው በየቦታው «መጋዘን» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው የጨው ማከማቻን ከባሩድ ማከማቻ ሊለይ አይችልም።

ልዩነቱ ግን በሕንፃው ላይ ይታያል። ተራው መጋዘን ዕቃውን ከዝናብና ከሌባ ከጠበቀ ይበቃዋል። ባሩድ ቤት ግን ባሩዱን ከእርጥበትና ከእሳት፣ ጎረቤቱንም ከባሩዱ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ የአየር መግቢያው ብልጭታ በቀጥታ እንዳያልፍ ይጠመዘዛል፤ ዙሪያው በአፈር ክምር ወይም በካብ ይከለላል። አንዳንዱ ጣሪያ ፍንዳታው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ እንዲወጣ ሆን ተብሎ ቀላል ይደረጋል፤ ሌላው የውጭ ምት እንዲችል በወፍራም የድንጋይ ቅስት ይሠራል።

«ግምጃ ቤት» በበኩሉ ግምጃ ከተባለው ውድ ጨርቅ የወጣ የከበረ ዕቃ ቤት ስም ነው። ዛሬ የመንግሥትን ገንዘብ ስለሚያስታውስ፣ ያለ ቅጽል ለጦር ዕቃ ማከማቻ ባይሰጥ እንመርጣለን።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ ፈንድቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የታወቀው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚንም አንድ እጁን አጥቷል። በካርታ፣ በሕንፃ ፕላንና በማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ስም አደጋውን ሊደብቅ አይገባም።

ስለዚህ «መጋዘን» ለጠቅላላው ማከማቻ፣ «የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት» ለመሣሪያ ብቻ፣ «ጥይት ቤት» ለጥይት፣ «ባሩድ ቤት» ለባሩድ እንዲውሉ ሐሳብ እናቀርባለን። ስሙን ሲሰሙ በውስጡ ያለውን ማወቅ ከተቻለ፣ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል እንላለን።