የእድሩ ጡሩንባና የእጅ ስልኩ

እንደሚታወቀው ሁሉ በከተማችን ሀዘን ሲደርስ ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ የሚሰማው የእድር ጡሩንባ ነበር። እኔ አባል የሆንኩበት የሴቶች እድርም እንዲሁ ነበረው። ይሁን እንጂ ከአባላቱ ብዙዎቹ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ወደ ከተማው ዳር ሲበተኑ የጡሩንባው ድምፅ የማይደርሰን ሆነ። በመሆኑም ጸሐፊያችን በቴሌግራም አንድ ቡድን ከፈተች። ሁላችንም እሰየው አልን።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የበዓል ሥዕል፣ የሚሸጥ ልብስና ምንጩ የማይታወቅ ወሬ ቡድኑን አጥለቀለቀው። በዚያው በበዓል ሰሞን አንድ ማለዳ የአንዲት እኅታችን ባለቤት ማረፋቸው ተጻፈ። መልእክቱም ወዲያው በእንኳን አደረሳችሁ ሥዕሎች ሥር ተቀበረ። እኔ ያየሁት ማታ ከሥራ ስመለስ ነው፤ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ወንበሮቹ አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። እኅታችን ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችኝም። ለስንቱ ለቅሶ እንጀራ ተሸክማ የደረሰች ሴት ናት።

በተከታዩ ወርሃዊ ስብሰባ ነገሩ ተነሣ። ከዕድሜ ጠገቦቹ እናቶች አንዷ «መሣሪያው አልበደለም፤ እኛ ሕግ ሳናወጣለት ገባንበት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለድንኳኑና ለድስቱ መተዳደሪያ ደንብ ያለው እድር፣ ለቴሌግራሙ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም ነበር።

ከረጅም ክርክር በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ለሀዘንና ለስብሰባ ጥሪ ብቻ የሚያገለግል ቻናል ተከፈተ፤ በእርሱ ላይ የሚጽፉት ሊቀ መንበሯና ጸሐፊዋ ብቻ ሲሆኑ ሌላው አባል ያነባል። ጨዋታውና ምርቃቱ በቀድሞው ቡድን ቀጠለ። ጨዋታውን ጨርሶ እንዝጋው ያሉም ነበሩ፤ እኔ ተቃወምኩ። ሰው ከሀዘን ውጭም ካልተገናኘ በሀዘን ቀን ብቻ እንዴት ይተዋወቃል? ኃላፊዎቹ ሁለት የሆኑት አንዷ ስልኳ ቢጠፋ ቻናሉ ያለ ባለቤት እንዳይቀር ነው።

የመግቢያው አድራሻ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ፣ አዲስ ገቢ ሁሉ ጸሐፊዋ ስሟን ከመዝገብ አመሳክራ ስትፈቅድ ብቻ እንድትገባ ተደረገ። ምክንያት ነበረን። አንድ የማናውቀው ሰው የሊቀ መንበሯን ስምና ፎቶግራፍ ለጥፎ «አስቸኳይ መዋጮ» ሲል ገንዘብ ጠይቆናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መዋጮ በስልክ መክፈል ቀላል ሆኗል፤ ለአታላይም እንዲሁ። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ ደውሎ ድምፅ መስማት ግድ ነው። በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም ለእኅት እንኳ አይነገርም። የክፍያ ደረሰኝ ለሒሳብ ሹሟ ለብቻዋ ይላካል እንጂ በአደባባይ አይለጠፍም፤ ያልከፈለችውንም በሁሉ ፊት ስሟን መጥራት ቀርቷል። ለማዋረድማ እድር ምን ያደርጋል!

አንድ የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 ሰው ይይዛል ይባላል። እኛ መቶ እንኳ አንሞላም፤ ከእነርሱም ዘጠኙ እናቶች እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውም። ለእያንዳንዳቸው አንዲት ጎረቤት በስም ተመደበች። የጡሩንባ ነፊያችን አበልም አልተቋረጠም።

ባለፈው ወር ሌላ ሀዘን ደረሰ። ጥሪው ከሌሊቱ 11 ሰዓት በቻናሉ ወጣ፤ በነባሩ ሰፈር አባባ ጡሩንባቸውን ይዘው ዞሩ። ረፋድ ላይ ስደርስ ወንበር አጥቼ ቆምኩ።