የአውራ ጎዳና ዛፎች፦ ዕድገታቸውና ለአካባቢ የሚሰጡት ጥቅም

በመንገድ ዳር ዛፍ መትከል ከመኪና በፊት የነበረ ልማድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ሕንድን የገዛው ንጉሥ አሾካ፣ በድንጋይ ዓምድ ላይ ባስቀረጸው ዐዋጅ፣ ሰውና ከብት እንዲጠለሉበት በየመንገዱ የዋርካ ዘመድ የሆነውን ባኒያን ማስተከሉን ገልጿል። በፈረንሳይ የንጉሥ አንሪ አራተኛ ሹም የነበረው ሱሊ በመንገዶች ዳር የኤልም ዛፍ አስተክሏል። በኢትዮጵያ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከአዲስ አበባ በሚወጡ መንገዶች ግራና ቀኝ ተተክሎ ኖሯል። ከእሱ ሌላ ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ጃካራንዳና ቁንዶ በርበሬ፣ በቆላማ ከተሞች ደግሞ ኒም በብዛት ይታያሉ። አገር በቀሎቹ ዋንዛ፣ ጽድና ግራር ግን ከሚገባቸው ያነሰ ቦታ ነው የተሰጣቸው።

የመንገድ ዳር አፈር ለዛፍ አይመችም። መሐንዲሱ መንገዱ እንዳይሰምጥ አፈሩን በሮለር ይጠቀጥቃል፤ ሥር ደግሞ አየርና ውኃ የሚያሳልፍ ልል አፈር ይፈልጋል። አብዛኛው የዛፍ ሥር ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ ከላይኛው 1 ሜትር ባልበለጠ አፈር ውስጥ ሆኖ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ወደ ጎን ይዘረጋል። ስለዚህ ጉድጓዱን እጅግ ከማጥለቅ ይልቅ ማስፋትና በዙሪያው ያለውን አፈር ማላላት ይበጃል።

ሌላው ስስ ቦታ ችግኙ ራሱ ነው። በችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ችግኝ ሥሩ የከረጢቱን ግድግዳ ተከትሎ ይጠመዘዛል። በተከላ ጊዜ ፕላስቲኩ ካልተቀደደና የተጠመዘዘው ሥር ካልተቆረጠ፣ ዛፉ ለጥቂት ዓመታት ደህና ያደገ ይመስላል። ግንዱ ሲወፍር ግን የገዛ ሥሩ ያንቀዋል፤ አለዚያም ነፋስ ያዘለ ዝናብ ሲመጣ ከነሥሩ ተነቅሎ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የተፈጸመው ግን በተከላው ቀን ነው። ችግኙ መጽደቁ የሚታወቀው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ነው፤ በዚህ ጊዜ በበጋ በቦቴ ውኃ ማጠጣት፣ ከፍየልና ከከብትም በእሾህ ወይም በድንጋይ ካብ ማጠር ያስፈልጋል።

ዛፍ የሚሰጠው ጥቅም በዕድሜው ልክ እኩል አይከፋፈልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣና 403 የዛፍ ዝርያዎችን የመረመረ ጥናት፣ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ግንዱ በገዘፈ ቁጥር ዛፉ በየዓመቱ የሚጨምረው ክብደትም እንደሚያድግ አሳይቷል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ 1 ኪሎ ካርቦን ደግሞ ከአየር ከተወሰደ 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ በ10 ዓመቱ የተቆረጠ ዛፍ የተቆረጠው ገና ትልቁን ሥራውን ሳይጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረውን አረንጓዴ ዐሻራ የመሰሉ ዘመቻዎችም መለካት ያለባቸው በተተከለው ችግኝ ብዛት ሳይሆን ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ቆሞ በሚገኘው ዛፍ ነው።

ከጭስ ማውጫ፣ ከጎማና ከፍሬን የሚነሳው ደቃቅ ብናኝ በቅጠል ላይ ያርፋል፤ ዝናብ ሲመጣም ወደ መሬት ይታጠባል። ሻካራና ጸጉራም ቅጠል ከለስላሳው የበለጠ ብናኝ ይይዛል። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ግን ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ አናት አየሩን አግዶ ጭሱን እግረኛው በሚተነፍስበት ከፍታ ሊያስቀረው ይችላል፤ እዚያ አጫጭር ቁጥቋጦ ይሻላል። ጥላው ለመንገዱም ይጠቅማል። ሙቀት የአስፋልቱን ማጣበቂያ እያደረቀ ይሰነጥቀዋልና፣ በካሊፎርኒያ ሞዴስቶ ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ጥላ ያላቸው መንገዶች ፀሐይ ከሚመታቸው ያነሰ ጥገና እንደሚጠይቁ አመልክቷል።

ድምፅን በመቀነስ ረገድ የዛፍ ስም ከሥራው በልጧል። እንደ አሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር መረጃ፣ የመኪና ድምፅን በ10 ዴሲቤል ለመቀነስ 61 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ተክል ያስፈልጋል። በአንድ ረድፍ የቆመ ዛፍ መኪናውን ከዓይን ይሰውር እንደሆነ እንጂ ድምፁን አያስቀርም።

በተቆረጠ ተራራ ጎን በሚያልፍ መንገድ ዳር የዛፍ ሥር አፈሩን ይይዛል። ሆኖም ከረጅም ዛፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ጠብታው ትልቅ ስለሆነ፣ ከሥሩ ሣር ከሌለ መሬቱን ይሸረሽራል፤ ዛፍና ሣር አብረው የሚተከሉት ለዚህ ነው። በትግራይና በአማራ ክልሎች ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ የማስገባት ሥራ ተሠርቷል፤ ይኸው ውኃ ወደ ዛፍ ጉድጓድ ቢመራ ለችግኙ የበጋ ስንቅ ይሆናል።

ፍጥነት በበዛበት ጎዳና ግን ዛፍ ለአስፋልቱ ሲቀርብ ለአደጋ ይዳርጋል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት አሠራር ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወፍርን ዛፍ እንደ ግጭት አደጋ ይቆጥረዋል፤ በፈጣን መንገዶችም ከጠርዙ 9 ሜትር ያህል ነፃ እንዲሆን ይመክራል። ትልልቅ ዛፎች ከዚያ ወዲያ፣ ቁጥቋጦና ሣር ደግሞ በመካከል ይተከላሉ፤ በኩርባና በመገናኛ አካባቢ ያለው ቅርንጫፍም እይታ እንዳይከልል በየጊዜው ይገረዛል።

በአንድ ዝርያ ብቻ የተሞላ መንገድ ለዓይን ያምራል፤ ለበሽታ ግን የተጋለጠ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የኤልም በሽታ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጎዳናዎች የነበሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አድርቋል። በደቡብ ፈረንሳይ ካናል ዱ ሚዲ በተባለው ቦይ ዳር የነበሩ ብዙ የፕላታን ዛፎችም በፈንገስ በሽታ ምክንያት ተቆርጠዋል። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሙር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው መመሪያ በአንድ ከተማ ከሚገኙ ዛፎች ከ10 በመቶ በላይ የአንድ ዝርያ፣ ከ20 በመቶ በላይ የአንድ ወገን፣ ከ30 በመቶ በላይም የአንድ ቤተሰብ እንዳይሆኑ ይመክራል። በዚህ መመሪያ ሲታይ ግራቪሊያ ብቻ በተደረደረበት መንገድ ላይ በቀጣዩ ክረምት መተከል ያለባቸው ዋንዛ፣ ኮሶና ብሳና ናቸው።