«ሳይኮሎጂስት ጋ ሂድ» ግን የት?

የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሆኖ ይህ ያልደረሰበት ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥም ይሁን ለቅሶ ቤት «ምን ትማራለህ?» ይሉሃል። «ሳይኮሎጂ» ስትል «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይመጣል፤ አለዚያም «የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው?» ስቀን እናልፈዋለን።

ባለፈው ዓመት የዶርም ጓደኛዬ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ክፍል መግባት ተወ፣ ካፌ መውረድም ተወ። አንድ ሌሊት «ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል» አለኝ። እኔም «ሳይኮሎጂስት ጋ ሂድ» አልኩት። «የት ነው ያለው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ እኮ! (ታሪኩን የጻፍኩት እሱ ፈቅዶልኝ ነው።)

መጀመሪያ ሁለቱን ሙያዎች እንለይ። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ሕመም ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። አገራችን ውስጥ ይህ የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ የሚሰለጥኑት ውጭ አገር ነበር። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ደግሞ በብዙ ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን የሚያየው የሳይካትሪ ነርስ ነው። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። ሥራው በንግግር፣ በጥያቄ፣ በመመዘኛና በልምምድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያሳስተናል፤ «ምክር»። ካውንስሊንግን «የምክር አገልግሎት» ብለን ስለተረጎምነው ሰው «አይዞህ፣ በርታ» ሊባል የሚሄድ ይመስለዋል። ምክርማ መች አጣን? ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ጎረቤት ሳይጠየቅ ይመክራል። ሳይኮሎጂስት የሚያደርገው ሌላ ነው። አንድ ተማሪ ሚድ ኤግዛም ወደቀ እንበል። «እኔ አልረባም» ይላል፤ ስለማይረባ ማጥናት ያቆማል፤ ስላላጠና ፋይናሉንም ይወድቃል፤ «ይኸው አላልኩም?» ይላል። ባለሙያው «ትረባለህ» ብሎ አይከራከረውም። ሐሳቡ መቼ እንደሚመጣ እንዲመዘግብ፣ ማስረጃው ምን እንደሆነ እንዲመረምር ያግዘዋል። ለሳምንቱም ትንሽ የቤት ሥራ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ ጠዋት ሃያ ደቂቃ በእግር መሄድ። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ለሳምንታት የሚቀጥል ነው።

ፍለጋው ከቅርብ ይጀመር። ግቢ ውስጥ ላለ ሰው የተማሪዎች ክሊኒክና የካውንስሊንግ ቢሮ ይቀድማሉ። ከግቢ ውጪ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር መጠየቅ ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ አማኑኤልን የማያውቅ የለም፤ ስሙን ፈርቶ የሚቀር ግን ብዙ ነው። በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ አገልግሎት አለ። የግል ቦታ ከሆነ ደግሞ ሳናፍር እንጠይቅ፦ የሙያ ፈቃድ አለዎት? የሰለጠኑት በምንድነው? ክፍያው ስንት ነው? የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ሰው ለማከም አያበቃም፤ እኛ ስንመረቅም ይህን እናስታውስ። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ባለሙያው ዝም አይልም። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ሐኪም ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

ሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን ሳይተዉት፣ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ ጠይቆ፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዞ መሄድ ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም።

እኔ ይህን በጊዜው አላደረግሁም፤ ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ አነጋሁ እንጂ። በማግስቱ የካውንስሊንግ ቢሮውን ከአንድ ሕንፃ ጀርባ አገኘነው፤ በሩ ላይ በእስክሪፕቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ባለሙያዋ አነጋግራው በዚያው ቀን ሆስፒታል ላከችው፤ እዚያ ደሙንም መረመሩት፣ ምክንያቱም የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይሄዳል። ወረቀቱ ግን እስካሁን አልተቀየረም፤ ከሩቅ አይነበብም።