ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር

በአማርኛችን ልብ እጅግ ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። ያስባል፤ ያስታውሳል፤ ይፈራል፤ ይጨክናል። አስተማሪያችን «ልብ በሉ» ይለናል፤ ደብተሩን የትም ጥሎ የሚሄደውን ጓደኛችንን ደግሞ «ልበ ቢስ» እንለዋለን። ፈላስፋው አሪስጣጣሊስ እንኳ የሐሳብ መኖሪያ ልብ ነው ብሎ ያስተምር ስለ ነበር በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ልብ የምናነበው ከቅኔና ከልብ ወለድ ውስጥ በመሆኑ፣ ለዛሬ ነገሩን ወደ ሥጋው አውርደን እንመልከተው። በየቤታችን ያሉትን ታናናሾቻችንን የሚመለከት ጉዳይም አለበት።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል፣ በአዋቂ ሰው 300 ግራም ገደማ የሚመዝን ጡንቻ ነው። በመካከሉ ግድግዳ ስላለው አንድ ይባል እንጂ ሥራው የሁለት ፓምፕ ነው። ቀኙ ከመላ ሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ግራው ከሳንባ ኦክሲጅን ይዞ የመጣውን ደም ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ይልካል። የግራው መንገድ ረጅም በመሆኑ ግድግዳው ወፍራም ነው። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ አራት በሮች፣ ማለትም ቫልቮች፣ አሉት። ሐኪም በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅም የእነዚህ በሮች መዘጋት ነው። ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም፤ በቀኙ የላይኛ ክፍል ያለች ትንሽ ሥፍራ ራስዋ ኤሌክትሪክ እያመነጨች ታስነሣዋለች። አንጎል የሚያደርገው ማፍጠን ወይም ማዘግየት ነው፤ የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ምን ያህል እንደሚያፈጥነው ለአንባብያን መንገር አያሻንም።

አሁን ወደሚያስደንቀው ሒሳብ እንምጣ። ከጥንት ጀምሮ ከ1,000 ዓመት በላይ ሐኪሞች የሚከተሉት የጋሌን ትምህርት፣ ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ እየተሠራ ወደ አካላት ሄዶ በዚያው ያልቃል፤ ከልብ ቀኝ ወደ ግራም በግድግዳው ላይ ባሉ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል የሚል ነበር። በካይሮ የነበረው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ በ13ኛው መቶ ዓመት ቀዳዳ የለም፣ ደሙ የሚያልፈው በሳንባ በኩል ነው ብሎ ጻፈ። ክርክሩን የዘጋው ግን እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ ነው። በ1628 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ልብ በአንድ ምት የሚያወጣው ደም በምት ብዛት ሲባዛ ስንት ይሆናል? በዛሬው ልክ ብናሰላው፣ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 70 ምት፣ ወደ 5 ሊትር ይመጣል። በሰዓት 300 ሊትር ማለት ነው፤ ይህም ከአራት ሰዎች ክብደት ይበልጣል። በየሰዓቱ ይህን ያህል ደም የሚሆን እንጀራና ወጥ የትኛው የምግብ አዳራሽ ያቀርባል? ስለዚህ ያው 5 ሊትር ገደማ ደም እየዞረ ይመለሳል እንጂ ሌላ መልስ የለውም።

ሃርቬይ ያደረገውን ሙከራ ማንም በመኝታ ክፍሉ ሊያየው ይችላል። ጓደኛችሁ ከክንዳችሁ በላይ በመሐረብ ለዘብ አድርጎ ይሠር። ደም መልሶቹ ያብጣሉ። አንዱን ደም መልስ በእጅ አንጓ በኩል በአንድ ጣት ተጭናችሁ፣ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ክንድ ገፍታችሁ ጣቱን አንሡ። ሥሩ ባዶ እንደሆነ ይቆያል፤ በውስጡ ያሉት በሮች ወደ ታች አያሳልፉምና። የታችኛውን ጣት ስታነሡ ግን ወዲያው ከእጅ በኩል ይሞላል። ደም ቅዳና ደም መልስ የሚገናኙባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ግን ሃርቬይ ሳያያቸው ሞተ። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ አገኛቸው።

ታናናሾቻችንን የሚመለከተው እነሆ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ የልጅን ጉሮሮ ሲያሳምም፣ የሰውነት መከላከያ ሊዋጋው ይነሣል። ተሕዋሱ ከልብ ሥጋ ጋር የሚመሳሰል ነገር ስላለው፣ በአንዳንድ ልጅ መከላከያው ተሳስቶ የልብን በሮች ይመታል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና የመጋጠሚያ እብጠት ይመጣል፤ ያም ይድንና ቤተ ሰብ ይረሳዋል። በሩ ግን ይጠብባል ወይም መግጠም ያቅተዋል፤ ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ በሽታ በይበልጥ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ሲይዝ፣ በአገራችንም ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም፤ መድማትንና ሌላ ቁስልን ይጨምራል እንጂ። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ያስቀረዋል። አንድ ጊዜ የታመመ ልጅም እንዳይደገምበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መርፌውን መወጋት አለበት። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ፣ ጉሮሮውን አሞት ምግብ እንቢ ያለ ልጅ በቤት ውስጥ ካለ፣ እናቶቻችን እንጥል ቆራጩን ከመጥራታቸው በፊት ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።