ኮረንቲን በስሌት እንወቅ

ሌሊት ከብቶቻችን በበረት ውስጥ ሲደነብሩ ባትሪ ይዘን እንወጣለን። መብራት በገባበት መንደር ደግሞ አምፑል ይበራል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ይጋገራል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ኮረንቲ ነው። ኮረንቲ በዓይን አይታይም። ሆኖም ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሰው መጠኑን ሊያሰላው ይችላል። ማስላቱም ቤትን ከእሳት ያድናል። እንዴት ቢሉ፣ እንደሚከተለው ነው።

ኮረንቲን በመስኖ ውኃ እንመስለው። የቦዩ ቁልቁለት ሲበረታ ውኃው በኃይል ይገፋል። ኮረንቲንም በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ግፊት አለ። ግፊቱ የሚለካው በቮልት ነው። በቦዩ የሚያልፈው ውኃ ብዙ ወይም ጥቂት ይሆናል። በሽቦ የሚያልፈው የኮረንቲ ብዛትም የሚለካው በአምፔር ነው። ቦዩ ከጠበበ ወይም ድንጋይ ከሞላበት ውኃው እንደ ልብ አያልፍም። ኮረንቲንም እንዲሁ የሚያግደው ነገር አለ። እገዳው የሚለካው በኦም ነው። ይህ ስም የተወሰደው ሕጉን በ1827 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ካወጣው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌዎርግ ኦም ነው።

የስሌቱ ደንቦች ሁለት ናቸው፦

1. ቮልቱን ለአምፔሩ ስናካፍል እገዳውን በኦም እናገኛለን።
2. ቮልቱን በአምፔሩ ስናባዛ ጉልበቱን እናገኛለን። ጉልበቱ የሚለካው በዋት ነው።

በመጀመሪያ በእጅ ባትሪያችን እንሞክረው። አንዱ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲገቡ 3 ቮልት ይሆናሉ። በአምፑሉ ግማሽ አምፔር ያልፋል እንበል። 3 ለግማሽ ሲካፈል 6 ኦም ነው። 3 በግማሽ ሲባዛ 1.5 ዋት ነው። ይህ ትንሽ ጉልበት ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ እንሂድ። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። ምጣዱ 16 አምፔር ቢወስድ፦

220 ÷ 16 = 13.75 ኦም
220 × 16 = 3,520 ዋት

ይህ ምን ማለት ነው? ባለ 100 ዋት አምፑል 35 ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው።

አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለ 100 ዋት አምፑል የሚወስደው ከግማሽ አምፔር ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። በዚያው ቀጭን ሽቦ ምጣድ ብንሰካ ግን 16 አምፔር ሲያልፍበት ሽቦው ይግላል። ልባሱ ይቀልጣል። እሳቱ የሣር ክዳን ካገኘማ ማን ያቆመዋል?

ፊውዝ የተሠራው ለዚህ ነው። ኮረንቲው ሲበዛ በፊውዙ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ቀድሞ ይቀልጥና መንገዱን ይቆርጣል። አንዳንድ ሰው ፊውዙ ሲቃጠል በምስማር ወይም በወፍራም ሽቦ ይተካዋል። ይህ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

እንግዲህ ዕቃ ስንገዛ በላዩ የተጻፈውን እናንብብ። ዋቱን ለቮልቱ ብናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። ያንን ቁጥር ለባለሙያው ነግረን የሚችለውን ሽቦ እናስዘርጋ። ሽቦውን ግን በእጃችን አንንካ። ማንበብና ማስላት የተማርነው ቤታችንንና ልጆቻችንን ለመጠበቅም ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ምድጃ በ220 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳል። እገዳው ስንት ኦም ነው? ጉልበቱስ ስንት ዋት ነው?